የተቃጠለው መጽሐፍ መጨረሻ

ነገሩ የተነሳው በአሰፋች ጸሎት ነው።

አሰፋች የየሻረግ ታናሽ እህት ናት፣ ሰባት ዓመቷ። ሐሙስ ሐሙስ እነሱ ቤት አማኞች ሲሰበሰቡ መጨረሻ ላይ ለልጆችም ተራ ይሰጣል። ያው የልጅ ጸሎት ነው፤ ለእማዬ ጤና ስጣት፣ ለላማችን ጥጃ ስጣት፣ አሜን። የዚያን ሐሙስ ግን አሰፋች ዓይኗን ጭፍን አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ፣ ያቺ ልጅ የእናቷን ስም ለጠንቋይዋ እንዳትሰጣት እርዳት። የአህያዋንም እግር ፈውስላት። አሜን» ብላ ቁጭ አለች።

አሜን ያለላት የለም።

የሻረግ ጭንቅላቷን ጉልበቷ መሀል ቀበረችው። ስብሰባውን የሚመሩት ጋሼ ከበበው ግን ረጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ የተቸገረችው እህት የት ነው ያለችው? በቆጂ ናት?» አሏት።

«ኧረ መጽሐፉ ውስጥ ናት» አለች አሰፋች። «የሻረግ ናት የምትነግረኝ። ጠንቋይዋ ደጅ ደርሳለች።»

ያኔ ሁሉም ዞሮ የሻረግን አያት።

ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በሩ ላይ የቀበሌው ቁልፍ ተንጠልጥሎ፣ ውስጡ የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሮበታል። ከዚያ ወዲህ የአሰላ አማኝ በየቤቱ ሆነ፤ ስምንት ዘጠኝ እየሆነ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመረ። የሚከብደው ደግሞ መጸለዩ ሳይሆን መግባቱ ነው። ሰው ተከታትሎ አንድ ግቢ ሲገባ ከታየ አለቀ። የእማዬ ወንድም በቆጂ ላይ ኪሱ ውስጥ አንድ የመዝሙር ወረቀት ተገኝቶበት አስር ወር ታስሯል። ከወጣ በኋላም በር ሲንኳኳ እየበላም ቢሆን ብድግ ይላል።

እነ የሻረግ ቤት የተመረጠው አባቷ ጉርሙ አናጢ ስለሆነ ነው። ሐሙስ የሚመጣ ሁሉ አንድ የተሰበረ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ በርጩማ፣ አንዷ መሳቢያ፣ ጋሼ ከበበው ደግሞ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር። ጉርሙ አይጠግናቸውም፤ ከጠገናቸው በሚቀጥለው ሐሙስ ምን ተይዞ ይመጣል? ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ወንበር ዳገቱን ይወጣል ይወርዳል። ጋሼ ከበበው አስተማሪ ናቸው፣ ከሳ ያሉ፣ ሽማግሌ ነገር፤ በዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡበት ቀን የተሸከሙት ቀን ሳይበልጥ አይቀርም።

መጽሐፉስ? እሱም የመጣው በአናጢነቱ ነው። በእርሻ ልማቱ ይሠሩ የነበሩት ስዊድኖች አሰላን ለቀው ሲሄዱ የተዉትን አንድ አሮጌ ቁም ሳጥን አባቷ ለእንጨቱ ብሎ ገዝቶ ሲፈታው፣ ከመሳቢያው ኋላ ተሸጉጦ ተገኘ። ሽፋን የለውም፣ እንግሊዝኛ ነው። የሻረግ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ማትሪክ ተፈትና ውጤት የምትጠብቅበት ሐምሌ ነበር። ጭላሎ በጉም ተውጦ ከነጭራሹ የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። ምን ይሠራል? መዝገበ ቃላቷን አውጥታ በቀን ሁለት ሁለት ገጽ እየፈታች፣ ከሰዓት ምስር ስትለቅም ለአሰፋች ትነግራታለች። እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ የራሷን ስንዴ ትለቅማለች። አንድም ቀን ምን እያወራችሁ ነው ብላ አታውቅም።

ታሪኩ ነፋስ የጠፋበት አገር ነው። አንዲት አሮጊት ጠንቋይ ነፋሱን በእንስራ ውስጥ ከድናበት፣ ሰዉ የወቃውን እህል የሚያዘራበት አጥቶ አውድማው ላይ ከነገለባው እያየ ይራባል። አንዲት ልጅ ታዲያ የምታነክስ፣ የምትናገርም አህያ አስከትላ ነፋሱን ልታመጣ ትነሳለች። አስማቱን ታውቅበታለች፤ ግን አስማት በሠራች ቁጥር አንድ ነገር ከልቧ ይጠፋል። ወንዙን ስታቆም የቤቷን መንገድ ረሳች። ድንጋዩን ስታናግር የወንድሟን ፊት ረሳች። በመጨረሻ አሮጊቷ ደጅ ስትደርስ፣ «እንስራውን እከፍትልሻለሁ፤ የእናትሽን ስም ግን ትሰጪኛለሽ» ትላታለች።

የሻረግ እዚህ ላይ ነበረች። የቀራት አስራ አንድ ገጽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ከበበው ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ።

አማኞቹ ዘንድ የቆየ ደንብ አለ። አዲስ ሰው ጌታን ሲቀበል ቤቱ ያለው ክታብ፣ ጨሌ፣ ምኑም ምናምኑም ግቢ ይወጣና ተጸልዮበት ይቃጠላል። እማዬ ራሷ የእናቷን ጨሌ በገዛ እጇ ነው እሳት ውስጥ የጨመረችው። መጽሐፉም በዚያው ደንብ ይሂድ ተባለ።

«ጋሼ፣ ልቦለድ እኮ ነው» አለች የሻረግ። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። «ጠንቋይዋም የለችም፣ ልጅቷም የለችም። ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው።»

«ከሌለች ታናሽሽ ለማን ጸለየች?»

«እሺ አስራ አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ። ልጨርሰውና እኔው ራሴ አቃጥለዋለሁ።»

«መርዙን ልጨርሰውና ጠርሙሱን ልስበር ነው የምትዪኝ?»

ወደ አባቷ ዞረች። ጉርሙ የጋዙን ጠርሙስ እያገላበጠ ያያል። ወደ እናቷ ዞረች።

«አቃጥሉት» አለች እማዬ፣ ጭቃ ጭቃውን እያየች።

እሳቱ እምቢ አለ። በሐምሌ ምን ደረቅ ነገር አለ? ፍልጡ እርጥብ፣ መሬቱ እርጥብ፣ መጽሐፉም ራሱ እርጥበት ውስጥ ስንት ዘመን የተኛ። ጋዝ ሲጨመርበት ጢሱ ብቻ ወፍሮ ተነሳና ከአጥሩ በላይ ቆመ። ጋሼ ከበበው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አሰፋች ታለቅሳለች። የሻረግ ገጾቹ አንድ በአንድ ሲጠቀለሉ እያየች ከኋላ ያሉትን ለማንበብ አንገቷን ታሰግጋለች፤ አንድ ቃል ብቻ ያዘች፣ «ክዳኑ» የሚል፣ ከዚያ ጠቆረ።

እና ከሦስቱ አዋቂዎች አንዱም ያላሰበው ነገር ነበር። ጨሌ ሲቃጠል ማንም ዞር ብሎ አያይም። በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ወረቀት የሚያቃጥል ሰው ግን ከመንግሥት የሚደብቀው ወረቀት ያለው ሰው ነው። ይሄን አሰላ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። እነሱ ሐሙስን ለመደበቅ ስንት ወንበር ሲያመላልሱ ኖረው፣ ቅዳሜ በቀን ብርሃን ጢስ አቆሙ።

የቀበሌው ጥበቃ ጉደታ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባ።

«ጋሽ ጉርሙ፣ አካም? ምንድን ነው የምታቃጥሉት?»

«መጽሐፍ» አለ ጉርሙ። ውሸት የሚባል ከአፉ አይወጣም።

«የምን መጽሐፍ?»

ጉደታ በእንጨት ቆስቆስ አድርጎ የተረፉትን ጥቂት ገጾች አወጣና ጠጋ አድርጎ አየ። «እንግሊዝኛ ነው» አለ። ቦምብ ያገኘ ነው የሚመስለው። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ ከበበው፣ እርስዎስ እዚህ ምን?»

ጋሼ ከበበው ወንበሩን ከፍ አድርገው አሳዩት። «እግሩ ተሰብሮ።»

«እስካሁን?» አለ ጉደታ።

አሰፋች ጎረቤት እትዬ አስያ ጋ ተተወችና አራቱም ተያይዘው ወደ ቀበሌ ወረዱ። ጋሼ ከበበው ከነወንበራቸው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አብዶ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው የሚፈራውም ለዚያ ነው። ጉርሙን ጓሮ ያለው ክፍል አስገብተው ቆለፉበት። አብዶ የተቃጠሉትን ገጾች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «አስር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል» አለ። «ጉዳዩ የተጣራ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ያልተጣራ በመኪናው ይሄዳል። አሁን ስምንት ተኩል ነው።»

በመኪናው የሄደ ሰው የት እንደሚሄድ የሻረግ ታውቃለች። መቼ እንደሚመለስ ነው የማይታወቀው።

እናቷን ውጭ በረንዳ ላይ አቆዩዋትና እሷን ብቻዋን አስገቡ። ጋሼ ከበበው እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ ከጎን ተቀምጠው የተረፈውን እንዲያነቡ ታዘዙ።

«እንግዲህ ተናገሪ» አላት አብዶ። «እዚህ ላይ ምንድን ነው የተጻፈው?»

ተናገረች። ነፋሱ ላይ ስትደርስ ለአሰፋች የምትነግርበት ድምፅ በራሱ ጊዜ መጣላት። አብዶ ይጽፋል። በየመሀሉ ጋሼ ከበበውን፣ «አለ?» ይላቸዋል። እሳቸውም መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ «ጠንቋይዋም... በእንስራው ላይ እጇን ጭና... አዎ፣ አለ» ይላሉ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም።

«መጨረሻውስ?» አለ አብዶ።

የሻረግ አላነበብኩትም ብትል፣ ደህና አድርገው ያቃጠሉት ዋናው ነገር እዚያ ነበር ማለት ነው ይላል። አባቷ ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል ይሰማታል።

«የራሷን ስም ሰጠቻት» አለች። «ጠንቋይዋ ተቀበለችና እንስራውን ከፈተችው። ነፋሱ መጣ። አለቀ።»

አብዶ ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን ሳያስቀምጥ፣ «እናትየዋን አስገባት» አለው ጉደታን። «አንቺ እዚያው ተቀመጪ። አንድ ቃል ከተነፈስሽ ግን አባትሽን ረስቼዋለሁ።»

እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ ገባች። አብዶ ወንበር ሰጣት፣ አልተቀመጠችም።

«እትዬ ታየች፣ መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?»

«እንግሊዝኛ አላነብም።»

«ቤትዎ ውስጥ ሲነገር አልሰሙም?»

የሻረግ ጣቶቿን ቆለፈች። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው። እማዬ አልሰማሁም ካለች ታሪኩን የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ሰምቻለሁ ካለች ደግሞ ጋሼ ከበበው እዚያ ተቀምጠዋል። ሐሙስ ዕለት ሁሉም ሲደነግጥ እሷም ምንም እንዳልሰማች ሆና አብራ ደንግጣ ነበር እኮ።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ሰምቻለሁ» አለች።

እና ጀመረች። ነፋሱን፣ አውድማውን፣ አህያዋን። እማዬ ተረት ስትናገር የሻረግ ሰምታት አታውቅም። የሻረግ ራሷ የዘለለችውን ሁሉ አስገባች፤ አህያዋ ጨው ካልላሰች እንደማትናገር፣ ድንጋዩ ሲናገር ድምፁ ከሥር ከሥር እንደሚመጣ። የወንድሟን ፊት የረሳችበት ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ በቆጂ ያለውን ወንድሟን አስባ ይሆናል። ጋሼ ከበበው ቀስ ብለው ቀና አሉ። እማዬ አላየቻቸውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«መጨረሻውስ?» አለ አብዶ።

«አላለቀም።»

ብዕሩ ቆመ። «ልጅዎ አልቋል ብላ ነግራኛለች።»

እማዬ ዞራ የሻረግን አየቻት። የሻረግ በዓይኗ ለመነቻት፣ በሙሉ ፊቷ ለመነቻት።

«እንግዲያው ዋሽታለች» አለች እማዬ። «ደጁ ላይ ነው የቆመው። አስራ አንድ ገጽ ቀርቷታል፣ ስትለምን ሰምቻለሁ። አቃጥሉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ይሄ ነው የተፈራው ጥያቄ። ማን አዘዛችሁ፣ ስንት ናችሁ፣ የት ነው የምትሰበሰቡት፣ ሁሉም ከዚህ ኋላ ተሰልፎ ቆሟል።

«አስማት አለበት» አለች እማዬ። «እኔ ቤት አስማት አይገባም። የናቴንም ጨሌ አቃጥያለሁ። ይኸው ነው።»

አብዶ የልጅቷን ቃል አየ፣ የእናትየዋን አየ፣ ከዚያ ያልጠበቁት ነገር፣ በአፍንጫው ሳቅ አለ።

«ተማክረው የመጡ ሰዎች ቢሆኑ እናት ልጇን ውሸታም አትልም ነበር» አለ። «ጉደታ፣ ሰውዬውን ፍታው። ጋሽ ጉርሙን ንገረው፣ ሁለተኛ ከዚያ ግቢ ጢስ እንዳላይ። ጴንጤ ናችሁ እየተባለ የሚነገረኝን ደግሞ ገና አልረሳሁትም።» የሻረግ ልትወጣ ስትል፣ «አንቺ» አላት። «መጨረሻሽ አልጣመኝም። ያቺ አሮጊት እንዲህ በቀላሉ ትሸነፋለች?»

ወደ ቤት ሲሄዱ እማዬ ከፊት ከፊት ነው የምትሄደው።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ሳትዞር።

«አባዬ እንዲፈታ።»

«ልታስበዪው ነበር።»

የሻረግ አለቀሰች፣ ዝናብ ስለሆነ አልታወቀባትም። መገንጠያው ላይ ጋሼ ከበበው ወንበራቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛውረው፣ «እህት ታየች፣ ሐሙስ እንነጋገራለን» አሉ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያን ቀን እስከ ሐሙስ እህል ስትለቅም መጋረጃውን ክፍት አድርጋ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ስብርባሪ። ጋሼ ከበበው ሲጨርሱ እማዬ ተነሳች። እጇ ነጠላዋን ይፈትላል።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ። ስንዴው ተለቅሞ አልቆ እንኳ እንደገና እየለቀምኩ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ስትጠይቁም ዝም አልኩ። ልጄን ዋሽታለች አልኩ፣ እኔስ ያንን ዝም ማለቴ ምንድን ነው...»

የግቢው በር ተንኳኳ።

«ጋሽ ጉርሙ!» የጉደታ ድምፅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሶች በየነጠላው ሥር ገቡ። አንዷ ሴት በፍርሃት መሳቢያዋን እንደ ሕፃን አቀፈችው። ጉርሙ በቤቱ በር ቀዳዳ አየ። ጉደታ ጠመንጃውን አንግቶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር በራሱ ላይ ተሸክሞ ግቢውን አቋርጦ እየመጣ ነው፤ የእውነት የተሰበረ።

«የቀበሌው ነው» እያለ ነው ከውጭ። «ሊቀመንበሩ ይሠራ ብሏል። ደግሞ ልጅቷን መጨረሻውን ጠይቃት ብሎኛል። ማሎ፣ እባካችሁ ቶሎ በሉ፣ ዝናብ ነው።»

ጉርሙ ወደ ጋሼ ከበበው አየ፣ ጋሼ ከበበው ወደ ጓሮ በር አዩ። ዘጠኝ ሰው በጓሮ አጥር እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ጉደታ ከገባ ግን የበቆጂው ወረቀት አንድ ነበር፣ እዚህ ዘጠኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያለው።

እማዬ የሻረግን ክንዷን ያዘቻት። «ውጪና ንገሪው።»

«እማዬ፣ አላውቀውም እኮ። ተቃጥሏል።»

«ፍጠሪ።»

«ውሸት ነው ብለሽ አልነበር?»

እማዬ ጋሼ ከበበውን አየቻቸው። እሳቸውም አዩአት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። እማዬ የሻረግን ወደ በሩ ገፋ አደረገቻትና ጆሮዋ ሥር፣ «አስረዝሚው» አለቻት።

የሻረግ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ጉደታ አግዳሚውን የጣራው ክፈፍ ሥር አስቀምጦ፣ በደህናው ጫፍ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነው። እሷ በተሰበረው ጫፍ ተቀመጠች፣ ተንሸራተተች፣ ያዘ አደረጋት።

«እሺ» አለ። «ስሟን ሰጠቻት?»

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ ደጁን አንኳኳች። ሦስት ደጅ ነው ያለው።»

ሦስት ደጅ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ከቤቱ ውስጥ አንድ እንጨት ከሌላው ጋር ሲጋጭ ሰማችና ድምጿን ከፍ አደረገች። አንደኛው ደጅ ላይ አህያዋ ጨው ጠየቀች። ጨው የለም። ወዴት ይሄዳሉ? አንድ ሰው በጓሮ አጥር ሲያልፍ ቅርንጫፍ ተንቋቋ፤ ጉደታ ጆሮውን ሊያቆም ሲል፣ «እና ልክ ያኔ ከውስጥ አንድ ነገር ተንቋቋ» አለችው፣ እሱም ወደሷ ተመለሰ። የሚወጡትን ትቆጥራለች። ሁለት። ሦስት። ሁለተኛው ደጅ ላይ ጠንቋይዋ ሕፃን መስላ መጣች። አምስት። የመሳቢያዋ ሴትዮ ስታስል ስድስት። ጉደታ አፉን ከፍቷል፣ ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ዝናብ ቆቡ ላይ እየወረደ አላበሰውም።

ሰባት። ስምንት።

«ሦስተኛው ደጅስ?» አለ ጉደታ።

የሻረግ ዘጠነኛውን ጠበቀች። የጋሼ ከበበው ወንበር በበር ሲያልፍ ሁሌም አንድ ጊዜ ይመታል፣ ታውቀዋለች። አልመታም። ምን ሆኑ፣ እግራቸውን አመማቸው፣ ወይስ ጓሮ ሌላ ሰው አለ? ቀስ ብላ ዓይኗን ብቻ ወደ ኋላ መለሰች።

ገርበብ ያደረገችው በር አንድ ጣት ያህል ተከፍቷል። በስንጥቁ ውስጥ ከታች ሦስት የወንበር እግር ይታያል፣ ከላይ የጋሼ ከበበው አንድ ጆሮ፣ ከጎናቸው ደግሞ የእማዬ ነጠላ ጫፍ።

«ሦስተኛው ደጅ» አለች የሻረግ፣ ጠመንጃውን እያየች፣ «እሱ ደግሞ ቁልፍ አለው።»

እና ቁልፉ የት እንዳለ መፈለግ ጀመረች።